ጨዉና ዉሃ

ፖርት ሱዳን፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ውባንች፤

እንደምን ከረምሽ? ሮዳስስ? እናታችንስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? በኅዳር ወር የጻፍሽው ደብዳቤ በሹፌሩ በለይኩን እጅ ደርሶኛል። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ። ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀምጫለሁ። ሮዳስ የአባቷ መርዶ ከመጣ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግድግዳ ተደግፋ ዝም ብላ ትቀመጣለች ያልሽው ከሆዴ አልወጣ አለ። ዓመት ከስምንት ወር ለልጅ ብዙ ነው።

ለእሷ ብዬ ነው ይህን የላክሁት። ካርቶኑን ስትከፍቺ እንዳትደነግጪ፤ ሸርጣን ነው። በባዶ ቀንዳውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር ዓይነት ነው፤ ሲያድግ ሰፋ ወዳለው ይዛወራል። ሦስት ትርፍ ቅርፊት ጨምሬያለሁ። አሸዋ አርጥባችሁ ሣጥን ውስጥ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉለት። ሁለት ጣባ ውኃ ይፈልጋል፤ አንደኛው ንጹሕ፣ ሁለተኛው በከረጢቱ ካለው የባሕር ጨው የተበጠበጠ። የሱቁን የታሸገ ጨው አትስጡት፤ ይገድለዋል። የመተማ አየር ይደርቅበታልና እርጥብ ጆንያ ከላይ ጣል አድርጉበት።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው እንዳትይኝ። የባሕር ሰፈር ሰው ሆኜ የለም?

እናታችንን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

እህትሽ እየሩስ

*

መተማ ዮሐንስ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሼ ለእየሩስ፤

ሰላምታዬ አንቺን ከመሰለች እህት የለየኝን መንገድ ሁሉ አልፎ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። እናታችንም ደህና ናቸው፤ ሽንፋ ላይ የተከሉት ማንጎ ያዘ ብለው ከሰው ሁሉ ጋር ያወራሉ።

እንግዳሽ በሰላም ገባ። ለይኩን ካርቶኑን ጋቢና ከጎኑ አስቀምጦ ነው ያመጣው። «እህቴ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ስነዳ እንዲህ ያስጨነቀኝ ጭነት የለም» አለኝ። ኬላው ላይ ፈታሹ ካርቶኑን ከፍቶ እጁን ሲሰድ ቆነጠጠውና ወደ ኋላ ሲፈናጠር ኮፍያው ወደቀ። ይህን ሲያወራልን ሮዳስ ሳቀች። እየሩስ፣ ጥርሷን ካየሁ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስም አውጥታለታለች። «እማ፣ ከቀይ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ማን ነው?» አለችኝ። «ሙሴ» አልሁ። «እንግዲያውስ ሙሴ ነው።» አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ሣጥኑ ነው። አሸዋውን ከሽንፋ ወንዝ አስመጥተን በፈላ ውኃ አጥበንለታል። ማሽላ ስንሰጠው ገፋው፤ ሐብሐብ ስንሰጠው ግን በሁለት እጁ እየያዘ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ በላ። ጾሙ ሲገባ ዓሣና እንቁላል መስጠት ኃጢአት ይሆናል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች።

ሌላ ጉዳይም አለ። ባየልኝን ታስታውሽዋለሽ፤ ትራክተር የሚነዳው፣ ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት። ሽማግሌ ልኮብኛል። ከሌን ገና ከላዬ አላወለቅሁም፤ ምን እንደምመልስ ጨነቀኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ ሲፈታ መጥቶ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ይቀመጣል፤ ብዙ አያወራም። ግን ባሌን ዓለምሰገድን አፈር ሲለብስ ስላላየሁት ልቤ አንዳንዴ በር በር ያያል። ካርቱም ላይ መጨረሻ ከእሱ ጋር የነበርሽው አንቺ ነሽ። ስለ እኔ የተናገረው ካለ ንገሪኝ። እኔስ ምን ላድርግ?

ደግሞ፣ በገና ማግስት ኔትወርኩ ጥቂት ሲመጣ ስደውልልሽ ከኋላሽ ሕፃን ያለቅስ ነበር። የማን ነው?

ውባንች

*

ፖርት ሱዳን፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ሮዳስ ስቃለች ያልሽውን አንብቤ እኔም ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቀጥሎም አለቀስሁ። ሙሴ! ስሙ ተገጣጠመለት።

ለሮዳስ ንገሪልኝ፦ ሙሴ አይጾምም። ክርስትና አልተነሣም። ደረቅ ዓሣ ከጨው አጥባችሁ በሳምንት ሁለቴ ስጡት። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭታችሁ ነስንሱለት፤ ለአካሉ ማጠንከሪያ ነው። ዘይት የነካው ነገር ግን አታቅርቡለት። ስትይዘው መዳፏን ትዘርጋ፤ ከፍ አታድርገው፤ ከወደቀ ይሰበራል።

የሕፃኑ ነገር፦ የጎረቤቴ የሳጂዳ ልጅ ነው። እሷ ሥራ ስትሄድ እኔ ዘንድ ትተወዋለች።

ስለ ዓለምሰገድ ለጠየቅሽኝ፤ በአንቺ ላይ ክፉ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አታስጨንቂኝ፤ ያን ቀን ማስታወስ አልችልም። ጋራዡን ከባድ መሣሪያ መታው፤ የተረፈ አልነበረም፤ ይህን ያኔ ጽፌልሻለሁ።

ምክር ከጠየቅሽኝ ግን አግቢ። እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ። ሙት አይጠበቅም። ከልሽን አውልቂ። በር በር ማየቱን ተዪው፤ በዚያ በር የሚገባ የለም። አንቺ ሳቅ ብለሽ ስትኖሪ ካየሁ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል።

እየሩስ

*

መተማ ዮሐንስ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእየሩስ፤

ምክርሽን ሰማሁ። ለሽማግሌዎቹ እሺ ብያለሁ። ከፋሲካ በኋላ ለዳግማ ትንሣኤ ሰሞን ትንሽ ድግስ አስበናል። ከሌንም አወለቅሁ። እናታችን ነጭ ቀሚስ አልብሰውኝ፣ «ልጄ፣ ይኸው ፊትሽ ታየ» አሉኝ።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። የነፍስ አባቴ፣ «ባልሽ ሬሳው ያልመጣ ሰው ነው፤ ሞቱን ያየ ይመስክር፤ ያለዚያ እጄን አላነሣላችሁም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እባክሽ አጭር ምስክርነት በእጅሽ ጽፈሽ ፈርመሽ ላኪልኝ። እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ ግን ከአንቺ በቀር ማን አለኝ?

ሁለተኛው ጭንቅ የሙሴ ነው። ከጠፋ ዐሥራ አንድ ቀኑ። መጀመሪያ ምግብ ተወ፤ ከዚያ ጥግ ላይ አሸዋውን ቆፍሮ ገባና በላዩ ተከደነ። ሮዳስ አትተኛም። «እማ፣ ሞቶ ነው፤ እንደ አባዬ ሳናየው ነው የሞተው» ትላለች። ቆፍሬ ላውጣው ስል እጄን ትይዛለች፤ ልተወው ስል ታለቅሳለች። የባሕር ጨውም ሊያልቅ ነው። ለይኩን እዚህ የሚቆየው ሁለት ቀን ነው፤ ሲመለስ መልሱን እንዳታስቀሪብኝ።

ውባንች

*

ፖርት ሱዳን፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

አሞኝ ስለሰነበትሁ ብዙ አልጽፍም። ለይኩን ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኛል። የጠየቅሽኝን ምስክርነት በሌላ ወረቀት ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ ለቄሱ ስጪያቸው። ጨውም ሁለት ከረጢት አድርጌ ልኬያለሁ። ሙሴ አልሞተም፤ ሮዳስ አታልቅስ።

ሠርግሽን እግዚአብሔር ያሳምረው። አትቀየሚኝ።

እየሩስ

*

መተማ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፤

ሰላምታ የለበትም። ሰሞነ ሕማማት ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ምስክርነትሽን አነበብሁት። «የእህቴ ባል ዓለምሰገድ መሞቱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄም አፈር አልብሼዋለሁ» ይላል። ፊርማሽ ያምራል። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቄሱ ልወስደው ነበር። ከመሄዴ በፊት የሙሴን ውኃ ልቀይር ብዬ ሁለተኛውን ከረጢት ፈታሁ። ከጨው መሐል የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። እንዲህ ይላል፦

«አሸዋዉን በፍጹም አትቆፍሩ። አልሞተም፤ ቆዳዉን እየቀየረ ነዉ። ሠላሳ ወይም ዐርባ ቀን ይፈጅበታል። ዉሃዉን በየቀኑ ቀይሩ፤ ጨዉ በአንድ ብርጭቆ ዉሃ ግማሽ ማንኪያ። ሮዲዬ፣ አይዞሽ፤ ይወጣል።»

እየሩስ፣ እኔና አንቺ ፊደል የቆጠርነው አንድ መምህር ዘንድ ነው። አንቺ «ውኃ» ብለሽ ነው የምትጽፊው። በአገር ላይ «ጨዉ»ንም፣ «ዉሃ»ንም፣ የኔንም ስም በካዕቡ «ዉ» እየጻፈ፣ «ስሜን አበላሸኸው» ስለው እየሳቀ ዐሥር ዓመት የኖረ አንድ ሰው ነው የማውቀው። «ሮዲዬ» ብሎ የሚጠራትም አንድ ሰው ነው።

የድሮ ወረቀት ነው እንዳትይኝ። ሙሴ አሸዋ የገባው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። አሸዋውን ልቆፍር ወይ ብዬ የጠየቅሁሽ መጋቢት ዘጠኝ ነው። ግንቦት 2015 የቀበርሽው ሰው ባለፈው ወር ለጻፍሁት ጥያቄ መልስ ላከልኝ።

ለይኩን ጭነት ሲያወርድ ደርሼ፣ «ታውቅ ነበር?» አልሁት። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። «እህቴ፣ እኔ የመኪና ሰው ነኝ። የሰጡኝን አደርሳለሁ» አለኝ። «ማንና ማን ናቸው የሰጡህ?» አልሁት። ጋቢናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ይህም መልስ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። እውነቱን። እንዳታሳጥሪው፣ እንዳታሳምሪውም።

ውባንች

*

ፖርት ሱዳን፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም። እንደዚያ ብዬ ልጠራሽ እንደማይገባኝ አውቃለሁ።

በሕይወት አለ። እዚህ ነው ያለው፤ ወደብ ላይ የጭነት መኪና ይጠግናል። አብረን ነው የምንኖረው። ሕፃኑ የሳጂዳ አይደለም፤ የኛ ነው። ካሌብ ይባላል፤ ዓመት ሞላው።

የጀመረው ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ላይ ነው። አንቺ አደራ ብለሽው የኔን ሰፈር ፈልጎ መጣ፤ ጎረቤት ቤት ተከራየ። ሰው አልነበረንም። ከዚህ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ጦርነቱ ሲነሣ አብረን ሸሸን። መንገድ ላይ «ለውባንች ምን እንበላት?» አልሁት። «አላውቅም» አለኝ። ስድስት ሳምንት «አላውቅም» እያለ ቆየ። አንቺ ደግሞ በመንገደኛ ሁሉ «ዓለምሰገድን ያየ» እያልሽ ታስጠይቂ ነበር። መርዶውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሐዘን ያልቃል፣ መጠበቅ አያልቅም ብዬ አሰብሁ። ለአንቺ ያዘንሁ መስሎኝ ነበር። ለራሴ ነበር።

ሲያነብ አልከለከለኝም። አጥፎ መልሶ ሰጠኝ።

ሙሴን ከባሕሩ ዳር የለቀመው እሱ ነው። ሮዳስ ግድግዳ ትደገፋለች ያልሽውን ካነበብሁለት በኋላ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም፤ በሦስተኛው ያን ይዞ መጣ። የጻፍሁልሽን አያያዝ ሁሉ የነገረኝም እሱ ነው። ወረቀቱን ጨው ውስጥ መክተቱን አላውቅም ነበር። ስጠይቀው «ልጅቷ እንዳትቆፍረው ብዬ ነው፤ ጽሕፈቴ ይታወቃል ብዬ አላሰብሁም» ይላል። ያሰበ ይመስለኛል።

ምስክርነቱን ስጽፍ ካሌብ ጭኔ ላይ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ ራሴ የምነግርሽ የለኝም።

እናታችን ያውቃሉ? ባየልኝስ ምን አለ? ሙሴስ ወጣ? ለመጠየቅ አፍ ባይኖረኝም እጠይቃለሁ።

እየሩስ

*

መተማ ዮሐንስ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አላሳጠርሽውም፤ ለዚያ አመሰግናለሁ።

ምስክርነትሽን ለነፍስ አባቴ አሳየኋቸው፤ ቀጥዬ ከጨው መሐል ያገኘሁትን ወረቀት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አዩ። «ልጄ፣ ይህን ሰው በየወሩ በጸሎተ ፍትሐት ስሙን ጠርቼዋለሁ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ሠርጉ ቀርቷል። ቢያንስ አንቺ በጻፍሽው ወረቀት በሁለት ባል ከመኖር አምላክ ጠብቆኛል። አንቺ ግን አውቀሽ ልታስገቢኝ ነበር። ባሌን መውሰድሽ አንድ ቀን ይወጣልኝ ይሆናል። ይህ የሚወጣልኝ አይመስለኝም።

ያን መርዶ የሰማሁ ቀን መሬት ላይ ስወድቅ ያነሡኝ ሴቶች ዛሬም ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ፊቴን ነጭቼ ጠባሳው አለ። አንቺም በደብዳቤ «ፊትሽን አትጉጂ፣ ለልጅሽ ኑሪ» ብለሽ አጽናንተሽኛል። እሱስ ያን ደብዳቤ አንብቦ አጥፎ ሰጥቶሽ ነበር?

ለእናታችን ለመንገር ሽንፋ ሄድሁ። ማንጎው ሥር ተቀምጠው ጨርሰው ሰሙኝ። «የሞተ ሲመለስ እልል ይባላል። እኔ አሁን እልል ልበል ወይስ አዲስ ልቅሶ ልቀመጥ?» አሉ። ስለ ካሌብ ስነግራቸው ግን፣ «ጤነኛ ነው?» ብለው ጠየቁ። አንቺን ግን በስም አልጠሩሽም። እኔም አልጠራሁሽም።

ሙሴ ወጥቷል። ሮዳስ ቀን ስትቆጥር ነበር፤ በዐርባ ሦስተኛው ቀን ጠዋት እሷ ናት ያየችው። ቆዳው አዲስ፣ ቀለሙ ደማቅ ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ ትልቁን ቅርፊት ወሰደ።

ባየልኝ ያለውን አልነግርሽም። የነገርሁሽ ሁሉ የሚሄድበትን አሁን አውቄያለሁ።

አንድ ነገር እፈልጋለሁ፤ ከአንቺ ሳይሆን ከእሱ። ለሮዳስ በራሱ እጅ፣ በራሱ ስም ይጻፍላት። በሕይወት እንዳለ እሱ ይንገራት። መርዶውን ሌላ ሰው ጻፈለት፤ ይህን እንኳ ራሱ ይጻፍ። ለይኩን እስኪመለስ ድረስ ዝም እላታለሁ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ይምጣም አይምጣም እነግራታለሁ።

ውባንች

*

መተማ ዮሐንስ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፤

የላከው ደብዳቤ ደርሷል። ሦስት ገጽ ነው። አንቺ አንብበሽው እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ ምን እንዳለበት ልንገርሽ።

ክረምት ሲገባ አሸዋው እንዳይሸት በየሳምንቱ መገልበጥ አለበት ይላል። ጆንያው በክረምት አያስፈልግም ይላል። ጉንዳን እንዳይገባ የሣጥኑን እግሮች ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ማቆም ነው ይላል። ጓደኛ ቢያገኝ ደስ እንደሚለው፣ እነዚህ ፍጥረታት ብቻቸውን እንደማይሆንላቸው አንድ ሙሉ ገጽ ጽፏል። «አልሞትሁም» የሚል የለበትም። «ይቅር በይኝ» የሚል የለበትም። መጨረሻው ላይ «ደህና ሁኚ» ይላል፤ ከሥሩ ስም የለም። ቦታውን ትቶ ባዶ አድርጎታል።

አንድ ሙሉ ቀን ይዤው ዋልሁ። ልደብቀው አሰብሁ። ከዚያ ይህን የመደበቅ ነገር ከየት ተማርሁት ብዬ ራሴን ታዘብሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሮዳስን ደጅ ካለው የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ሥር አስቀመጥኋት። «አባትሽ አልሞተም» አልኋት። አላለቀሰችም። «የት ነው?» አለች። «ሙሴ በመጣበት አገር። ከአክስትሽ ከእየሩስ ጋር ነው የሚኖረው። ታናሽ ወንድምም አለሽ።» አፌ ላይ የመጣውን ሌላውን ሁሉ ዋጥሁት፤ እሱን ስታድግ ራሷ ትድረስበት።

ደብዳቤውን ሰጠኋት። በጣቷ እየተከተለች ሦስቱንም ገጽ አነበበች። ጨርሳ ወረቀቱን ገለበጠች፤ ጀርባውንም አየች።

«ስሙን ለምን አልጻፈም?»

«አላውቅም።»

«ሲጽፍ አሞት ነበር?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

አጥፋ መለሰችልኝ። ሙሴን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ እኔን ሳታይ ጠየቀችኝ፦

«እማ፣ ታዲያ ያኔ ለምን አለቀስን?»

ከዚህ በኋላ አልጽፍልሽም፣ አንቺም አትጻፊልኝ። ይህን ጥያቄ ግን እንዳለ ልኬልሻለሁ፤ ለሁለታችሁም ነው።

ውባንች